ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት፦ ጥንታዊ ቦታን በልማት ፕላን ውስጥ የመጠበቅ አሠራር

አክሱም ላይ ታዕካ ማርያም የሚባል ቤተ መንግሥት ነበር። በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን ቡድን መጥቶ ፍርስራሹን ለካ፤ ፕላኑንም ወረቀት ላይ አሰፈረ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በላዩ ላይ ተቀደደ። ዛሬ ስለዚያ ሰፊ ግቢ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከዚያ የጀርመኖች ወረቀት የተገኘ ነው። ድንጋዩ ሄዷል።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት መንገድ አይሠራ ለማለት አይደለም። መንገድም፣ ቤትም፣ መስኖም ያስፈልገናል። ግን መስመር ገና በእርሳስ ሲሰመር ማዞር ቀላል ነው። ካሳ ከተከፈለ፣ ችካል ከተተከለ፣ ማሽን ከተከራየ በኋላ ግን ማንም መስማት አይፈልግም። ጥንታዊ ቦታ የሚድነው ወረቀቱ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለከተማ ፕላን ባለሙያ፣ ለወረዳ ሠራተኛ፣ ለአማካሪ ድርጅት፣ ለቀበሌ አመራር ነው። አርኪዮሎጂ መማር አያስፈልግም። መጠየቅና መራመድ ያስፈልጋል።

1. ደብዳቤውን አስቀድሙ

የፕላኑ ወሰን በታወቀ ሳምንት ደብዳቤ ጻፉ። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ለክልሉ ቢሮ፣ በግልባጭ ደግሞ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን። አካባቢውን የሚያጠና ዩኒቨርሲቲ ካለ እሱንም ጨምሩ። አዲስ አበባና አክሱም ዩኒቨርሲቲዎች የአርኪዮሎጂ ትምህርት ክፍል አላቸው። ብዙ የጥናት ሪፖርት ቢሮ የማይደርሰው ጠያቂ ስለሌለው ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦

«ጉዳዩ፦ የጥንታዊ ቦታ መረጃ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። መሥሪያ ቤታችን በ… ወረዳ በ… ቀበሌ ስፋቱ … ሄክታር በሆነ መሬት ላይ የ… ፕላን እያዘጋጀ ይገኛል። የወሰኑ ነጥቦች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። በዚህ ክልል ውስጥና በዙሪያው እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ድረስ የተመዘገበ፣ የተጠና ወይም የተጠቆመ ጥንታዊ ቦታ ካለ ከነመገኛ ነጥቡ በጽሑፍ እንዲገለጽልን፤ ከሌለም ቦታው ተፈትሾ ነው የሌለው ወይስ ተፈትሾ ስለማያውቅ ነው የሚለው ተለይቶ እንዲጠቀስልን በትህትና እንጠይቃለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉ። «በመዝገባችን የለም» የሚል መልስ ሲመጣ ብዙ ሰው «ነጻ ነው» ብሎ ያነበዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አብዛኛው የአገራችን መሬት በባለሙያ እግር ተረግጦ አያውቅም።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91 የታሪክ ቦታዎችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ መሆኑን ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ስለ ቅርስ ጥናትና ጥበቃ በዝርዝር ይደነግጋል። አለቃችሁ «ይሄ ደብዳቤ ለምን አስፈለገ?» ካሏችሁ እነዚህን ሁለቱን ጥቀሱ።

2. የቦታውን ስም አዳምጡ፣ ሽማግሌ ጠይቁ

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ መልካ ቁንጥሬ አጠገብ፣ ባልጩት የሚባል ቦታ አለ። ባልጩት ማለት ያ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ የሚቆርጥ ድንጋይ ነው። ሰው ለረጅም ዘመን መሣሪያ የሠራበት ድንጋይ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ምልክቱ ነበር። መልካ ቁንጥሬና ባልጩት በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። የጢያ ትክል ድንጋዮችንም የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲል ኖሯል። ታሪኩ ባይገጥምም፣ ስሙ ቦታውን ያመለክታል።

ስለዚህ ካርታው ላይ ካለው ስም ሌላ፣ የማሳውን፣ የጉብታውን፣ የገደሉን ስም ሰብስቡ። አመድ፣ ሸክላ፣ መቃብር፣ ቤተ መንግሥት፣ ድንጋይ፣ ግንብ የሚል ቃል ያለበትን ስም ሁሉ ክበቡ። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት አካባቢ ከሆነ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ይሂድ።

ከሽማግሌ ጋር ስትነጋገሩ ግን አጠያየቃችሁ ወሳኝ ነው። «እዚህ ቅርስ አለ ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «የለም» ነው። ለብዙ ሰው ቅርስ ማለት ታቦት፣ ብራና፣ የወርቅ መስቀል ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እኔም እንደዚያ ነበር የምጠይቀው። አንድ ቀን ከአንድ አባት ጋር አውድማ ላይ ቁጭ ብለን፣ ደብተሬን አጥፌ፣ ዝም ብዬ ስለ እርሻ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ሲያርሱ ማረሻው ምን ይነካል?»

«የታችኛው ማሳ ያስቸግራል» አሉኝ። «ገል ብቻ ነው የሚያወጣ። በሬዎቹን እግራቸውን ይቆርጣቸዋል።»

ወረድን። ጭቃው ላይ የገንቦ አንገት፣ የድስት ጠርዝ፣ ባለ ጭረት ቀይ ሸክላ ተበትኗል። አፈሩ ከዙሪያው ማሳ ይለያል፤ ግራጫ ነው፣ ሲጨብጡት እንደ ዱቄት ይልማል። አመድ ነው። ሰዎች ለብዙ ትውልድ እሳት ያነደዱበት መሬት። እኛ ያዘጋጀነው ረቂቅ ፕላን ላይ ያ ማሳ የመናኸሪያ ቦታ ተብሎ ተቀልሟል።

እንግዲህ እንዲህ ጠይቁ። ማረሻ የሚያስቸግረው የት ነው? ገል የሚወጣበት ማሳ የማን ነው? የቤትዎን መሠረት ድንጋይ ከየት አመጡት? ጉድጓድ ስትቆፍሩ ጥቁር አፈር ያያችሁት የት ነው? ልጆች ሳንቲም ያገኙበት ቦታ አለ? እናቶችንም ጠይቁ። ሸክላ ሠሪዎች የአፈሩን ነገር ከማንም በላይ ያውቃሉ። ትግራይ ውስጥ የሃ አቅራቢያ ያለውን ቤተ ሰማዕቲ የተባለውን ጥንታዊ ከተማ ተመራማሪዎች ያገኙት የአካባቢው ሰው ጉብታውን ስለጠቆማቸው ነው። ከንጉሥ ኢዛና ባለ ሦስት ቋንቋ የድንጋይ ጽሑፎች አንዱንም ያገኙት ገበሬዎች ናቸው።

3. በእግር ሂዱ

መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ጉግል ኧርዝን ክፈቱ። በነጻ ነው፣ የቆዩ ምስሎችንም ያሳያል። በደረቅ ወራት የተነሳውን ምስል ምረጡ። ቀጥ ያለ መስመር፣ ክብ ነገር፣ ቀለሙ የተለየ ማሳ ካያችሁ ምልክት አድርጉ።

ቀጥሎ ሜዳ ውጡ። ጥሩው ጊዜ መሬቱ ታርሶ፣ አንድ ሁለት ዝናብ ጥሎበት፣ ቡቃያው ግን ገና ሳይሸፍነው ነው። ዝናቡ ሸክላውን አጥቦ ያወጣዋል። አራት አምስት ሰው ሁኑ። በመካከላችሁ አሥር ሜትር እየተራራቃችሁ፣ ጎን ለጎን፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ዓይናችሁ መሬት ላይ ይሁን።

የምትፈልጉት ገል፣ የባልጩት ስባሪ፣ የብረት አር (ብረት ሲቀልጥ የሚቀረው ዝቃጭ)፣ አሮጌ የወፍጮ ድንጋይና መጅ፣ የተጠረበ ወይም ተሰልፎ የቆመ ድንጋይ፣ ያለ ምክንያት ከፍ ያለ ጉብታ፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንት ነው። ዋሻና ቋጥኝ ሥር ካለ ግድግዳውን እዩ፤ ሥዕል ይኖር ይሆናል። የወንዝ ዳርና ጎርፍ የቆረሰው ገደል እንዳያልፋችሁ። እዚያ መሬቱ ራሱን ከፍቶ ያሳያል። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አጥር፣ የእርከን ካብ ውስጥም ጥንታዊ ጥርብ ድንጋይ ተሰክቶ ይገኛል።

አታንሱ። አትቆፍሩ። ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ከዚያም በላይ፣ ገል ከቦታው ከተነሳ ንግግሩን ያጣል። ከጎኑ እስኪሪብቶ ወይም ሜትር አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት፣ የጂፒኤሱን ነጥብ መዝግቡ፣ ያየ ሰው ስምና ቀን ጻፉ። በቃ።

4. ፕላኑ ላይ አስፍሩት

ይህ የሥራው እምብርት ነው። ሪፖርት መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ቦታ መሪ፣ ቀያሽ፣ ግንባታ ፈቃድ ሰጪ ሁሉም የሚያዩት ካርታውን ነው። ካርታው ላይ የሌለ ቦታ ለነሱ ባዶ መሬት ነው።

አንድ የቴክኒክ ነገር ላስታውስ፤ ብዙ ሰው ይወድቅበታልና። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የቦታ ነጥብ ለማስላት አዲንዳን የሚባለውን መነሻ ይጠቀማሉ። በእጃችሁ ያለው ጂፒኤስና ስልክ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው የሚጠቀመው። ሳትለውጡ አንዱን በሌላው ላይ ካሰፈራችሁ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ካርታው ላይ ያሰመራችሁት ወሰን የጎረቤቱን ማሳ እየጠበቀ፣ ትክክለኛው ቦታ ለማሽን ይጋለጣል። ነጥቡ በየትኛው እንደተወሰደ ካርታው ግርጌ ላይ ጻፉ።

ከዚያ ወሰን ስጡት። ገሉ ካለቀበት ጫፍ ላይ አትቁሙ። ላይ የምናየው የታቹን ሁሉ አያሳይም። ዙሪያውን መጠበቂያ ቀበቶ ጨምሩ። ስፋቱን ከባለሙያ ጋር ተነጋገሩበት። የአክሱም ሐውልት ከሮም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ከመተከሉ በፊት መሬቱ በራዳርና በመሰል መሣሪያ ተፈትሾ ነበር። ከሥሩ ሰፋፊ የመቃብር ክፍሎች ታዩ፤ ያውም ለጎብኚ መኪና ማቆሚያ ተብሎ በተደለደለ ሜዳ ሥር። የዓለም ቅርስ በሆነች ከተማ መካከል፣ ሁሉም በሚያየው ሜዳ ሥር ይህ ተደብቆ ከነበረ፣ እኛ ጫፍ ላይ የምናሰምረውን መስመር ማመን አይገባም።

የመሬት አጠቃቀሙንም አስቡበት። «አረንጓዴ ቦታ ይባል» ብሎ መገላገል የተለመደ ነው። ክረምት ሲመጣ ግን ለችግኝ ጉድጓድ የሚቆፈረው እዚያው ላይ ነው። ባህር ዛፍ ከተተከለ ደግሞ ሥሩ የማይገባበት የለም። ስለዚህ «ጥንታዊ ቦታ፣ ማንኛውም ቁፋሮና የዛፍ ተከላ የተከለከለበት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። ሳር፣ የእግር መንገድ፣ የልጆች ኳስ ሜዳ ሊሆን ይችላል። የጎርፍ ማስወገጃውን አቅጣጫም እዩ። አክሱም የጡብ ቅስት ያለው መቃብር ውስጥ ውኃ እየገባ ብዙ አስጨንቋል። ከላይ የሚሠራ አስፋልት ውኃውን ወደ ታች ይልካል። ቦዩ ወዴት እንደሚፈስ አስቀድሞ ካልታሰበ አጥሩ ብቻ አይጠብቀውም።

5. ሲገጭ፦ ሽሹ፣ አሻሽሉ፣ ቁፋሮን መጨረሻ ላይ አድርጉ

ፕላኑና ጥንታዊው ቦታ ከተገጣጠሙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፕላኑ ዞር ማለት ይችላል ወይ?» ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። መናኸሪያ ሦስት መቶ ሜትር ቢገፋ መናኸሪያነቱ አይቀርም። ካልተቻለ ዲዛይኑን አሻሽሉ፤ መሠረቱ ጥልቀት እንዳይኖረው፣ አፈር ተሞልቶ በላዩ ላይ እንዲሠራ፣ ቧንቧው በሌላ በኩል እንዲዞር። ይህም ካልሆነ ብቻ ነው የባለሙያ ቁፋሮ የሚታሰበው።

ቁፋሮ ማዳን ይመስላል። በእርግጥም አንዳንዴ ሌላ ምርጫ የለም። ግን ቁፋሮም ያጠፋል። የተቆፈረ መሬት ተመልሶ አይነበብም። ፈቃድ፣ ባለሙያ፣ በቂ ወራት፣ ለግኝቱ ማስቀመጫ፣ ለጥናቱ ማሳተሚያ ገንዘብ ይጠይቃል። ወጪውን የሚሸፍነው ፕሮጀክቱ እንዲሆን ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡት። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚሠራለት ፕሮጀክት ከሆነ ሪፖርቱ ላይ የቅርስ ክፍል መኖሩን አረጋግጡ። «ምንም አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ካያችሁ ማን፣ መቼ፣ ስንት ቀን በእግሩ እንደሄደ ጠይቁ።

6. ውሉ ውስጥ ይግባ

ኮንትራክተር ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚደብቀው። ስካቫተር በሰዓት ነው የሚከራየው። ሥራ ቆመ ማለት ገንዘብ ፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ ውሉ «ብታገኝ ቁም» ብቻ ካለ፣ ፎርማኑ ዓይኑን ይጨፍናል። «ብታገኝ ቁም፣ የቆምክበት ቀን ይጨመርልሃል፣ ወጪህ ይታሰብልሃል» ካለ ግን ይደውላል። የ1999 እ.ኤ.አ. የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ናሙና) ይህን በአንቀጽ 4.24 ላይ አስቀምጦታል፤ ቅሪትና ጥንታዊ ነገር ሲገኝ ኮንትራክተሩ የጊዜ ማራዘሚያና ወጪ መጠየቅ ይችላል። ውላችሁ ሌላ ዓይነት ከሆነ ተመሳሳይ አንቀጽ ጨምሩ። የዋጋ ዝርዝሩ ውስጥም ለዚሁ መጠባበቂያ ገንዘብ ያዙ። ማሽኑ ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ እንዲሠራ ፕሮግራሙን ከፋፍሉት።

ሁልጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። የመንገዱ መስመር ይጠናል። የድንጋይ ካባው፣ ሰሌክት ማቴሪያል (ለመንገዱ ሙሌት የሚሆን የተመረጠ አፈር) የሚወጣበት ጉድጓድ፣ የሠራተኛው ካምፕ፣ የጊዜያዊ ማለፊያው መንገድ ግን ማንም አያየውም። ካባ የሚመረጠው ደግሞ ድንጋይ የበዛበት ጉብታ ነው። እሱ ጉብታ ሰው የካበው ሊሆን ይችላል። እነዚህም ቦታዎች ከመከፈታቸው በፊት በእግር ይታዩ የሚል ሐረግ ውሉ ላይ አስገቡ።

7. የተገኘ ቀን

ማሽኑ ግራጫ አፈር፣ ገል፣ ጥርብ ድንጋይ ወይም አጥንት ካወጣ፦

ኦፕሬተሩ ባልዲውን ባለበት ያቁም። «አንዴ ልጨርስና» አይባልም። ቦታው በገመድ ይታጠር፤ ማንም አይግባ። የወጣውን አፈር ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ወደ ሙሌት አይሂድ። ፎቶ አንሱ፣ ነጥብ ያዙ። የተጋለጠውን ነገር አትጎትቱ፣ አታጥቡ። ፀሐይና ዝናብ እንዳያገኘው ንጹሕ ላስቲክ አልብሳችሁ ላላ ያለ አፈር ከላይ ጨምሩበት። ለማታ ዘበኛ መድቡ። ወሬ ከዶዘር ይፈጥናል፤ ወርቅ ተገኘ ከተባለ በማግሥቱ ጉድጓዱ ሌላ ነው የሚሆነው። በዚሁ ምክንያት ቦታውን የሚያሳይ ፎቶ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ እንዳይለጠፍ ለሠራተኛው ሁሉ ንገሩ።

በዚያው ቀን በስልክ፣ ቀጥሎም በጽሑፍ ለወረዳውና ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። የአዋጅ ቁጥር 209 አንቀጽ 41 በግንባታ ወይም በመንገድ ሥራ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው እንዳለ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ላገኘው ሰው ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጥም ይናገራል። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ አግኚው ሁኔታውን በዝርዝር ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ነጻ መሆን ይችላል። የላካችሁት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቀሪ በደንብ አስቀምጡ።

የሰው አጥንት ከሆነ ሸፍኑት፣ ፖሊስ ጥሩ፣ የአካባቢውን የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች አሳውቁ። አጥንቱ የሺህ ዓመትም ይሁን የትናንት፣ በአክብሮት ነው የሚያዝ።

አንድ ጊዜ፣ ለውኃ ቧንቧ በተቆፈረ ቦይ ግድግዳ ላይ ሦስት ወለል አይቻለሁ። ከታች የተጠቀጠቀ ቀይ አፈር፣ መካከል የከሰል መስመር፣ ከላይ የተነጠፈ ጠፍጣፋ ድንጋይ። አንድ ቤት ተሠርቶ፣ ተቃጥሎ፣ እንደገና ተሠርቷል። የሚደወልለት ሰው ስም ማንም ጋ አልነበረም። በማግሥቱ ስመለስ ቦዩ ተሞልቷል። ስለዚህ ስልክ ቁጥሮቹ ሳይቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ በትልቁ ይለጠፉ። ሥራ ሲጀመር ለኦፕሬተሮቹና ለቀን ሠራተኞቹ የግማሽ ሰዓት ገለጻ ስጡ። እውነተኛ ገልና የአመድ አፈር በእጃቸው ይያዙ።

8. ባለ ማሳውን አትርሱ

ገበሬው ማሳው «ጥንታዊ ቦታ» ከተባለ የሚያጣው እንጂ የሚያገኘው ከሌለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ገሉን ለቅሞ ወንዝ ይጥለዋል። አልፈርድበትም። ሽሬ አካባቢ ማይ አድራሻ የተባለው ጥንታዊ ቦታ ላይ ሰዎች ወርቅ ፍለጋ አፈሩን እያጠቡ ቦታውን ጎድተውታል፤ ልጆቻቸውን ለማብላት ነው።

ስለዚህ ምትክ መሬት ወይም ካሳ ከመጀመሪያው ይታሰብ። የጥበቃና የቁፋሮ የቀን ሥራ ቅድሚያ ለነሱ ይሰጥ። ማረስ የሚቀጥልበት መንገድ ካለም ይፈለግ፤ በበሬ ጥልቀት ሳይጨምሩ ማረስና በትራክተር መገልበጥ ለታችኛው አፈር አንድ አይደሉም። ስብሰባውን ማሳው ላይ አድርጉት፣ ካርታውን ዘርግታችሁ አሳዩ፣ የሰጧችሁ ስም በትክክል መጻፉን እነሱ ያረጋግጡ።

ፕላኑ ሲጸድቅ ሦስት ኮፒ ይኑረው፤ ማዘጋጃ ቤት፣ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ ቀበሌው። ፕላን በየጊዜው ይከለሳል። የሚከልሰው ቡድን አዲስ ነው፣ እናንተም ተቀይራችሁ ይሆናል። የክለሳው መነሻ ሰነድ ላይ «የጥንታዊ ቦታዎች ካርታ ሳይቀነስ ይተላለፋል» የምትል መስመር ጨምሩ። በየዓመቱ ደግሞ፣ የክረምቱ ጎርፍ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሰው በወሰኑ ዙሪያ ይዙር። ችካል ከተነቀለ መልሶ ይትከል፣ አዲስ ጉድጓድ ካየ ፎቶ አንስቶ በዚያው ሳምንት ሪፖርት ያድርግ።